ባለቤት የሌለው ፋይል

ከልካይ የሌለበት በር ያስፈራኛል። ምን ላድርግ፣ አስተዳደጌ ነው። ዘበኛው «ወዴት ነው?» ካላለኝ፣ መታወቂያዬን ካላገላበጠ፣ ከውስጥ ደግሞ አንዱ ቀና ሳይል «ዛሬ የሉም፣ ነገ ይምጡ» ካላለኝ የመንግሥት ጉዳይ የያዝኩ አይመስለኝም። ኦስሎ ስኖር ይኸው ልጅ አድርሻለሁ። ፀጉሬም ሸብቷል። ይህ ፍርሃት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። እናንተን ለቋችኋል? ተዉ እንጂ፣ እንተዋወቃለን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ወረቀት ነው። አመሩድ በሚባል የኦስሎ ሰፈር ባለው ፎቃችን መግቢያ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። እኔ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት የማንበብ ልማድ የለኝም። ወይ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ተራ ነው፣ ወይ ደግሞ ዱግናድ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠራርቶ ግቢ የሚያጸዳበት ቀን ማለቴ ነው። ሁለቱም ቢያልፉኝ ቅር አይለኝም። የዚያን ቀን ግን ሊፍቱ ዘገየና ቆሜ አነበብኩ። ከፎቃችን ፊት ለፊት ያለው መንገድ ሊታደስ ነው። የአውቶቡስ ማቆሚያውም ከደጃችን ተነሥቶ ከቁልቁለቱ ግርጌ ሊተከል ታስቧል። የፕላኑ ሙሉ ሰነድ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። አስተያየት ያለው እስከዚህ ቀን ድረስ ይጻፍ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መንገዱ ገባኝ። ማቆሚያውም ገባኝ። «ማንም ሰው» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ግራ ተጋባሁ። እኔ ባደግሁበት አገር ግድግዳ ላይ «ማንም ሰው» ብሎ የጀመረ ጽሑፍ መጨረሻው «ክልክል ነው» ነው። እንዲህ ተለሳልሶ ሲያልቅ አላውቅም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ አይደል? እሱ ነው የመጣብኝ።

ለራሴ ቢሆን ሊፍቱ ሲመጣ እረሳው ነበር። እግሬ ደህና ነው፣ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ጋሽ ሃብቶም ግን ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ሃብቶም ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። አስመራ ተወልደው፣ የሥራ ዘመናቸውን አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ የእጅ ጽሑፋቸውማ አይነሣ። በየቀኑ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከቤት ያመጡትን ማንኪያ በመሐረብ ጠቅልለው፣ ከደጃችን አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተብርሃን ሲከየም ናቸው፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት። ብዙ ነገር ረስተዋል። የልጆቻቸውን ስም ረስተዋል። የአገሩን ቋንቋ፣ ኖርሽኩንም ጠቅልለው ረስተዋል። ነርሶቹ ሊያጎርሷቸው ሲሞክሩ አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ከጋሽ ሃብቶም እጅ ግን ይበላሉ። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም አያውቁም።

ቁልቁለቱ ደግሞ በበረዶ ወራት መስታወት ነው። ጋሽ ሃብቶም አምና ያንን የብረት ጥርስ ከጫማቸው ሥር አስረው እንኳ ወድቀዋል። ሐኪሙ ሁለተኛ ከወደቁ ዳሌዎ አይተርፍም ብሏቸዋል። እንግዲህ ማቆሚያው ወደ ታች ወረደ ማለት፣ በበረዶ ወራት እሳቸው ከቤት አይወጡም ማለት ነው። እሳቸው ካልወጡ ሴትየዋ ምሳ አይበሉም። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ መንገድ ምናምን የሚባለው ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ነገርኳቸው። «መስፍን ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ኖርሽክ ታነባለህ። ሂድና ፋይሉን እይልኝ» አሉኝ። ፋይል ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የታመመ ሰው ስም እንደሚጠራ ሰው።

በማግስቱ ተዘጋጀሁ። ማመልከቻ ጻፍኩ። የመታወቂያዬን ፊትና ጀርባ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ። ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ከመሳቢያ ቆፍሬ አወጣሁ፤ ፀጉር በነበረኝ ጊዜ የተነሣሁት ነው። ሁሉንም በፖስታ አድርጌ ቤተ መጻሕፍቱ ደረስኩና ለሠራተኛዋ ሰጠሁ። ኢንግሪድ ትባላለች። ፖስታውን ከፈተች፣ ፎቶግራፎቹን አየች፣ ከዚያ ፊቷ በሐዘኔታ ተሞላ። ይህ ሰው የጠፋው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ነኝ፣ አልጠፋሁም አልኳት። ፕላኑን ለማየት ነው የመጣሁት።

ኢንግሪድ ወደ መስኮቱ ጠቆመችኝ። ጋዜጦቹ ካሉበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ነጭ ወፍራም ፋይል ተጋድሟል። መቼ ልምጣ አልኳት። አሁን አለች። ማን ያስፈርመኛል አልኳት። ምኑን አለች። እንዲህ እንዲህ ስንባባል ከኋላዬ ሰልፍ ሆነ። በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርጋ አስረዳችኝ። መንግሥት የሚጽፈው ነገር፣ ሪፖርት ይሁን ሕግ ይሁን ፕላን፣ እዚህ የሚመጣው ሰው እንዲያነበው ነው። ካልተነበበማ ለምን ይጻፋል?

እንዳይነበብ ተብሎ የተጻፈ ስንት ፋይል አውቃለሁ። እሷ ግን ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ተቀመጥኩ። በአንድ ዓይኔ አነባለሁ፣ በአንድ ዓይኔ በሩን አያለሁ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ዘርግተዋል። ገጽ አይገልጡም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ እሳቸውንም መከታተል ጀመርኩ። ትንሽ ቆይተው አንኮራፉ። ፋይሉን እስከ መጨረሻው አገላበጥኩት። ካርታ አለ። ቀስት አለ። ስለ መኪና ድምፅ ብዙ ገጽ አለ። ስለ አንድ ያረጀ ዛፍ ሥር ሁለት ሙሉ ገጽ ተጽፏል፤ እንዳይጎዳ፣ እንዳይጨነቅ፣ አካፋ እንዳያገኘው። እኔ የሰው ጉልበት ፈለግሁ። ስለ ጉልበት አንድ መስመር የለም።

ማታ ለጋሽ ሃብቶም የሆነውን ነገርኳቸው። ስለ ማቆሚያው ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው የያዙት ሌላ ነገር ነው።

«ማን አወጣልህ?»

«ማንም። ጠረጴዛ ላይ ነው።»

«የት ፈረምክ?»

«አልፈረምኩም።»

«ስትጨርስስ ለማን አስረከብክ?»

«እዚያው ትቼው ወጣሁ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ልጅቷ ደመወዝ አላት?» አሉኝ። ይኖራታል አልኳቸው። «ፋይሉ የጠፋ ቀን አይኖራትም» አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ደገፍ ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። እኔም ደክሟቸው ነው ብዬ ተነሣሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ የገጹን ቁጥር ለመያዝ ተመልሼ ሄድኩ። ፋይሉ የለም። ጋዜጦቹ አሉ። የሚያንኮራፉት ሽማግሌም አሉ። ነጩ ፋይል ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ኢንግሪድ ሄዶ ፋይሉ የት ነው ይላል። እኔ ምን አደረግሁ? ጋዜጣ አንሥቼ ተቀመጥኩ። ለምን ብትሉ፣ ፋይሉን መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ። ማመልከቻዬ እሷ ዘንድ ነው። የመታወቂያዬ ፊትና ጀርባም እሷ ዘንድ ነው። ጉርድ ፎቶዬ ሳይቀር። ለመርማሪ የሚያስፈልገውን ሁሉ በእጄ አሟልቼ ሰጥቻለሁ። ጠፋ ብዬ ቀድሜ ባወራ፣ ሌባው እኔ ነኝ ማለት አይደለም? በማግስቱም ሄድኩ። የለም። በሠልስቱም። በየቀኑ እየሄድኩ ጠረጴዛውን በጎን አይቼ፣ በማይገባኝ የስፖርት ገጽ ፊቴን ሸፍኜ እወጣለሁ። ኢንግሪድ ጋዜጣ ወዳድ መስዬያት ቡና መጋበዝ ጀመረች።

ለጋሽ ሃብቶም ግን በየማታው እነግራቸዋለሁ። ደበቁት፣ አላልኩዎትም፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የተባለው ለዚህ ነው እላቸዋለሁ። እሳቸው ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ያዳምጡኛል። «ፋይል አይጠፋም» ይላሉ። «ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም።» የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር።

ልጄ ሩት አንድ ቅዳሜ መጣች። እዚህ የተወለደች፣ በቅርቡ ሥራ የያዘች ልጅ ናት። ነገሩን ስነግራት ስልኳን አወጣችና ፕላኑን አሳየችኝ። ያው ካርታ፣ ያው ቀስት፣ ያው የዛፍ ሥር።

«ፓፓ፣ ኢንተርኔት ላይ አለኮ። እነሱ ራሳቸው ናቸው ያወጡት።»

«ይሄ ለሕዝብ የተዘጋጀው ነው። እኔ ዋናውን ነው የምፈልገው» አልኳት።

«ፓፓ፣ ዋናው ራሱ ነው ለሕዝብ የተዘጋጀው።»

እዚህ ላይ እንደገና ጠፋኝ። ለአፍታ የገባኝ መሰለኝ፣ ከዚያ አመለጠኝ። ሩት ግን አልጠበቀችኝም። «ፍሪስቱ፣ የአስተያየቱ ማብቂያ፣ ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ታውቃለህ? ሰኞ ሂድና ጠይቃት። አትበላህም» አለችኝ።

ሰኞ ሄጄ ጠየቅኩ። ኢንግሪድ ፊቷ ተለወጠ። ሌላ አንባቢ ሕንፃው ውስጥ የሆነ ቦታ ይዞት የተቀመጠ መስሏት ነበር እንጂ አሥር ቀን ሙሉ እንደጠፋ አላወቀችም። መጀመሪያ አዲስ ቅጂ አተመች። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ አሥር ቀን ያለቀስኩለትን ነገር ማተሚያው እየዘፈነ አወጣው። ቀጥላ መሳቢያዋን ከፈተችና አንድ ወረቀት አውጥታ ይህ የእናንተ ፊደል አይደለም ወይ አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ አግኝታው ነው። የልጅ ሥዕል መስሏት፣ ቆንጆ ስለሆነ ሳትጥለው ቀርታለች።

ወረቀቱ በመስመር የተከፈለ ነው። ዕቃው፣ አንድ ነጭ ፋይል። የገጽ ብዛት፣ ተቆጥሮ ተሞልቷል። ሁኔታው፣ ደህና። ያስረከበ፣ የለም። የተረከበ፣ ሃብቶም። ምክንያት፣ ጠባቂ ስለሌለው። ከታች ፊርማ አለ፤ እንደዚያ ያለ ፊርማ በአሁኑ ጊዜ የሚፈርም የለም።

አመል ያወጣል ከመሐል አሉ። ወደ ፎቃችን ስመለስ ንዴቴን ሊፍቱ ውስጥ ጨረስኩትና ጋሽ ሃብቶም ደጅ ስደርስ ድካም ብቻ ቀረኝ። በሩን ከፈቱ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ትንሽም አልደነገጡም።

«አልሰረቅኩም። ደረሰኝ ትቻለሁ» አሉ።

«ጋሽ ሃብቶም፣ ደረሰኙኮ በአማርኛ ነው።»

«ታዲያ በምን ልጻፈው?»

ፋይሉ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በሲባጎ በአራት ማዕዘን ታስሮ። ልጅቷ እንጀራዋን እንዳታጣ ብለው ነው ያነሡት። እስቲ ይሁን አልኩ። አሥር ቀን እጅዎ ላይ ሲቆይ ስለ ማቆሚያው ምን አነበቡ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቅር ተሰኙብኝ። የመዝገብ ቤት ሰው ፋይል ይጠብቃል እንጂ አያነብም። ሳይፈቀድላቸው ሲባጎ ፈትተው አያውቁም፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሊጀምሩ ነው? የራሳቸው ጉዳይ፣ የሚስታቸው ምሳ ያለበት ወረቀት፣ ከአልጋቸው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ አሥር ሌሊት አድሯል። አልገለጡትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን ዓይኔ እንባ ሞላው። ለምን እንደሆነ እንጃ።

በማግስቱ አብረን ሄደን መለስነው። ጋሽ ሃብቶም ፋይሉን ከደረታቸው አላላቀቁም። መጀመሪያ ኢንግሪድ መረከቢያው ላይ መፈረም ነበረባት። የምን ፊርማ እንደሆነ ተረጎምኩላት። ፈረመች። እሳቸውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። ልጠይቃት የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ማን ይከሰሳል የሚለውን። እሷ ግን ቀድማኝ ለሚመለከተው ቢሮ ጽፋለች። ሰነዱ አሥር ቀን ሰዎች ሊያዩት ከሚገባበት ቦታ አልነበረም፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብላ። በገዛ እጇ ራሷን ከሰሰች እንግዲህ። ጋሽ ሃብቶም ስነግራቸው፣ አበቃላት ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከቢሮው መልስ መጣ። ቅጣት የለም። ሕዝቡ ሰነዱን ሊያይበት የሚገባው ጊዜ ስለተጓደለ፣ የአስተያየት መስጫው ቀን በሁለት ሳምንት ተራዝሟል ይላል። ይህ ደብዳቤ እስካሁን አልገባኝም። እኛ ፋይል ደበቅን። ለደበቅነው ጊዜ ካሣ ተሰጠን።

ጊዜው ባይጨመርልን ኖሮ አልቆልን ነበር፤ ምክንያቱም የእኛ የአስተያየት ደብዳቤ ራሱ ሊያልቅ አልቻለም። ጋሽ ሃብቶም በወጉ ካልሆነ አይሆንም አሉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁለት ገጽ ሙሉ ለክቡርነታቸው ሰላምታ ነበር። ሁለተኛው ላይ ለመንገዱ መታደስ ያለንን ደስታ ገለጽን። ሦስተኛው ላይ ጉልበት የሚለው ቃል ለመንግሥት አይጻፍም አሉና ወደ «የአካል ድካም» ተቀየረ። ሩት መጥታ ስታነበው ጭንቅላቷን ያዘች።

«ፓፓ፣ ባሬ ሲ ዴ፣ ዝም ብላችሁ በሉት። ምን እንደሚሆን ብቻ ንገሯቸው።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ።»

ስለዚህ ዝም ብዬ ጻፍኩ። ጎረቤቴ ሃብቶም በየቀኑ በአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደው ሚስታቸውን ለተብርሃንን ምሳ ያበላሉ። ማቆሚያው ከቁልቁለቱ ሥር ከሆነ፣ በረዶ ሲመጣ መሄድ አይችሉም። ሚስታቸው ከሌላ ሰው እጅ አይበሉም። በቃ። ክቡር የለም፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር የለም። ስልከው ያለ ሱሪ ከቤት የወጣሁ መሰለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ኢንግሪድ እየሳቀች ጠራችኝ። ደብዳቤዬ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዜጦቹ አጠገብ። ስሜ አለ። የጋሽ ሃብቶም ቁልቁለት አለ። የወይዘሮ ለተብርሃን ምሳ አለ። የመጣ ሁሉ ያነባል። የሚያንኮራፉት ሽማግሌ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅተው እያነበቡ ነበር፤ ሳልፍ ቀና ብለው በትሕትና ሰላም አሉኝ። ምስጢር ላነብ ሄጄ እኔው ተነበብኩ። ጋሽ ሃብቶምም ሲሰሙ ክፉኛ ደነገጡ። ስንት ዘመን ፋይል የጠበቁ ሰው፣ በስተርጅና ፋይል ውስጥ ገቡ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ አገኙኝና «ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?» ብቻ አሉኝ።

በረዶው መጣ። ማቆሚያው ገና ከደጃችን አልተነሣም፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ሲወጡ ምሰሶውን ነካ አድርገው ይሳፈሩ ነበር፣ የሚሰናበቱት ይመስል። እኔም ከመስኮት አያቸው ነበር። በዚህ መሐል ውሳኔው ወጣ። ሩት አነበበችልኝ። ከአንድ ነዋሪ በቀረበ አስተያየት መሠረት ማቆሚያው ባለበት ይቆያል።

በትክክል ሰምቻለሁ ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ከዚያ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። ማን ነው የተናገረልን? ቢሮው ውስጥ የማንን ዘመድ እናውቃለን? ከሩት ጓደኞች አንዷ እዚያ ትሠራለች? ማንም የለም አለችኝ። አንብበው ነው አለች። ዝም ብለው አንብበው? ይኼ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ። አማላጅ ቢኖረው ሄጄ አመሰግን ነበር። አሁን ማንን ላመስግን፣ ፊደሉን?

ለጋሽ ሃብቶም ነገርኳቸው። መሐረባቸውን አውጥተው ማንኪያውን ወለወሉ። የወለወሉት ንጹሕ ማንኪያ ነው።

በማግስቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። ኢንግሪድ ናት። ውሳኔውና የእኔ ደብዳቤ ያሉበት አዲሱ ፋይል ጠዋት ነው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው፤ አሁን የለም። በቦታው ያ ቆንጆ ወረቀት ተቀምጧል። መጥተህ ታነብልኛለህ ወይ አለችኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

በመስመር የተከፈለ ነው። ዕቃው፣ አንድ ፋይል። የገጽ ብዛት፣ ተቆጥሮ ተሞልቷል። ሁኔታው፣ ደህና። የተረከበ፣ ሃብቶም። ምክንያት በሚለው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ስማቸው ያለበትን ገጽ ለባለቤቴ ለወይዘሮ ለተብርሃን ለማንበብ። ከምሳ በኋላ ይመለሳል።»

ሲባጎውን ፈትተውታል ማለት ነው። ኢንግሪድ ወረቀቱንና ፊቴን እያፈራረቀች ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ምን ይላል አለችኝ።

«ሰነዱ እስከ ምሳ ድረስ ሲከየም ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል» አልኳት።